የማኽሳናችንን ጣራ ራሳችን ከደንነው

በጎንደር ሳለን ክረምት ማለት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነበር። እዚህ እስራኤል ከገባን ወዲህ ግን ነገሩ ተገልብጦ በሐምሌ አንዲት ጠብታ አትወርድም፤ ዝናቡ የሚጀምረው ከበዓላት በኋላ ነው። በሸሚኒ ዓጼሬት ዕለት የዝናብ ጸሎት ይጸለያል፤ ከማርሔሽዋን 7 ቀን ጀምሮ ደግሞ ዝናብ እንዲሰጠን በየዕለቱ በግልጽ እንለምናለን። እንግዲህ ጣራው የሚያፈስ ሰው ከዚያ ቀን በፊት ወደ ላይ ቀና ብሎ ቢያይ ይሻለዋል። ለምኖ አምጥቶ መሸሽ አያምርምና።

ጣራ የሚጎዳው በዝናብ ጊዜ ይመስለናል። በአገር ቤት በእርግጥም እንደዚያ ነበር። የሣር ክዳን የሚያልቀው በውሃና በምስጥ ሲሆን፣ የምድጃው ጭስ ከውስጥ ሆኖ ሣሩን እያጠቆረ ይጠብቀው ነበር። እዚህ ግን የጣራ ጠላት ፀሐይ ናት። በጋውን ሙሉ ያለ ዕረፍት ትጠብሰዋለች፤ ውሃ ስለሌለ ማንም አያስተውለውም። የመጀመሪያው ዝናብ፣ ዮሬ የሚሉት፣ ሌሊት መጥቶ ጠብ ጠብ ሲል ያን ጊዜ ሁሉም ባልዲ ፍለጋ ይሮጣል።

በጓሮአችን ያለችው የእንጨት ዕቃ ቤት፣ ሁላችንም ማኽሳን የምንላት፣ ወርዷ 2 ሜትር፣ ርዝመቷ 3 ሜትር ነው። ጣራዋ በሁለት ወገን የተዳፋ ሲሆን፣ በሳንቃው ላይ የተነጠፈው ጥቁር የሬንጅ ንጣፍ በዕብራይስጥ ዬሪዓ ቢቱሜኒት ይባላል። ይህ ንጣፍ በቀላሉ የማይበጠስ ስስ ጨርቅ በሬንጅ ተነክሮ የሚሠራ ነው፤ በላዩ ላይ ደቃቅ ጠጠር ይለበጥበታል። ጠጠሩ ለጌጥ አይደለም፤ ሬንጁን ከፀሐይ ይጋርደዋል። ከዓመታት በኋላ ጠጠሩ ሲረግፍ ሬንጁ ይደርቃል፣ እንደ ቆላ መሬት ይሰነጣጠቃል። የእኛም እንዲሁ ሆነ። ይህን ለማወቅ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፤ በቀትር ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ወደ ላይ ማየት ነው። እንደ ከዋክብት ያለ ብርሃን ከታየ ጣራው አልቋል ማለት ነው። እኛ ሰባት ቈጠርን።

በውስጧ ያለው ንብረት ለሌላ ሰው ኮተት ነው። ዶማና አካፋ፣ የልጆች ብስክሌት፣ የፋሲካ ዕቃ በየሳጥኑ፣ በጆንያ ያለ ጤፍ፣ ጌሾ። ከሁሉም በላይ ግን ከጥግ የምትቀመጥ አንዲት የካርቶን ሳጥን አለች። በውስጧ ያሉት ካሴቶች ናቸው። እኛ በሱዳን በኩል በ1984 ስንመጣ ወላጆቻችን እስከ 1991፣ እስከ ዘመቻ ሰሎሞን ድረስ እዚያው ቀርተው ነበር። ደብዳቤ መጻፍ ስለማይችሉ በመንገደኛ እጅ ድምፃቸውን እየቀዱ ይልኩልን ነበር። ዛሬ የእናታችን ድምፅ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቀረን በእነዚያ ካሴቶች ላይ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ዘንቦ ስናድር የሳጥኗ አንድ ጎን ረጥቦ አገኘነው። ካሴቶቹ ደህና ነበሩ፤ ጤፉ ግን ከሥሩ ሻግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ወደ ቤት አስገባን፤ ያን ክረምት ሳሎናችን ማኽሳን ሆኖ ከረመ። የአባታችን ወንበር ከመስኮቱ ዳር ተነሥቶ በጤፉ ጆንያና በብስክሌቱ መካከል ተቀመጠ።

በጋው ሲጋመስ አንድ ባለሙያ ጠርተን አሳየነው። ሰውየው ወደ ጣራው አንድ ጊዜ አየት አደረገና ሥራው 1,900 ሸቅል እንደሚያወጣ፣ ለእርሱ ቢሆን ግን ይህን አፍርሶ የፕላስቲክ ማኽሳን መግዛት እንደሚሻል ነገረን። ንግግሩ ሁሉ ከልጃችን ጋር ነበር፤ ዕብራይስጡ ፈጣን ነውና። አባታችን በበሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ቆይተው፣ «ምን አለ?» ብለው ልጁን ጠየቁት። «ምንም አይደለም አባባ» አላቸው። ልጁ ክፋት የለውም፤ አማርኛው አጥሮት ነው። ነገር ግን ይህችን «ምንም አይደለም» የምትባል ቃል ሽማግሌዎቻችን በየሐኪም ቤቱ፣ በየባንኩ፣ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንት ጊዜ እንደሚሰሟት አንባቢ ያውቃል። አገር ያስተዳደረ፣ ነገር የቈረጠ ሽማግሌ ምንም ያልሆነ ነገር ይነገረዋል።

አባታችን ያን ዕለት ምንም አልመለሱም። ሰውየው ከሄደ በኋላ ወደ ጓሮ ወጡ። በከዘራቸው ጫፍ የጣራውን ከንፈር ቀና አድርገው አዩት፤ የተቈረሰውን ሬንጅ በጣታቸው አሽተው አሸተቱት። ከዚያ ገብተው፣ «ይህ ጣራ ነው። ጣራ ምን ነገር አለው? እኛው እንከድነዋለን» አሉ።

አባታችን በአምቦበር አካባቢ ሳሉ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ ብረት ሠሪ ነበሩ። ጣራ መክደን ግን የሁሉም ሰው ሥራ ነበር። ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፋ ሁሉ ያስታውሰዋል። ክረምቱ ወጥቶ ሰንበሌጡ ሲደርቅ ይታጨዳል፣ ይታሰራል፣ ተከምሮ ይቆያል። ጣራው የሚከደን ቀን ደቦ ይጠራል፤ ጎረቤት ሁሉ አንድ አንድ እስር ሣር ተሸክሞ ይመጣል፤ ባለቤቲቱ ጠላ ትጠምቃለች። ወራጁ ከግድግዳው ወደ ጉልላቱ ይወጣል፤ ማገሩ በዙሪያው ይታሰራል፤ ማሰሪያው ልጥ ነው። ሣሩ የሚጀመረው ከታች፣ ከጣራው ከንፈር ነው፤ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ራስ ሸፍኖ ይተኛል፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያለ እስከ ጉልላቱ። መስጊዱም ቢሆን የሚከደነው እንደዚሁ ነበር።

አሳቡን ወደድነው፤ መሰላሉን ግን ፈራን። አባታችን 80 ዓመት አልፏቸዋል፤ በዚህ አገር ደግሞ ከፍታ ላይ ሆነው ሲሠሩ ወድቀው የሚሞቱ ሠራተኞች ወሬ በየጊዜው እንሰማለን። የማኽሳን ጣራ ዝቅተኛ ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ ለሽማግሌ አጥንት ሁለት ሜትር ይበቃል። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ውል ገባን። አባታችን መሬት ላይ ሆነው ያዛሉ፤ የ17 ዓመቱ ልጃችን ይወጣል፤ እኛ መሰላል እንይዛለን፣ ዕቃ እናቀብላለን። ለእርሳቸውም ወንበር ከሎሚው ዛፍ ሥር ወጣላቸው።

አሁን ስለ ዕቃው እንናገር፤ ለሌሎችም ይጠቅማልና። ንጣፉ የሚሸጠው በጥቅል ነው፤ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የሆነው ጥቅል ከ40 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሁለት ሰው ይሸከመው እንጂ አንድ ሰው ጀርባውን አይስበር። የእኛ ጣራ እያንዳንዱ ክንፍ ከከንፈሩ እስከ ጫፉ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ20። በግራና በቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር እንዲንጠለጠል ስናስብ እያንዳንዱ ቁራጭ 3 ሜትር ከ30 ይሆናል። ሁለት ቁራጭ ለሁለቱ ክንፎች፣ አንድ ቁራጭ ደግሞ እንደ ኮርቻ በጫፉ ላይ የሚጫን፤ በጠቅላላው 9 ሜትር ከ90። ከአንድ ጥቅል 10 ሳንቲ ሜትር ተረፈን! ንጣፉ፣ ምስማሩ፣ የመገጣጠሚያው ማጣበቂያና ሁለት አዲስ ሳንቃ ተደምረው ባለሙያው ከጠየቀው ሩቡን እንኳ አልሞሉም።

ምስማሩን የመረጡት አባታችን ናቸው። ከሱቁ ያመጣነውን አንድ በአንድ ገለባብጠው አዩና መጀመሪያ የገዛነውን መለሱት። ራሱ ጠባብ ነው፣ ንጣፉን ይበሳውና ያልፋል፤ ደግሞም ይዝጋል አሉ። ትክክል ነበሩ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ራሱ ሰፊ፣ ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተቀባ አጭር ምስማር ነው። የእኛ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሳንቃው 18 ስለሆነ ንጣፉን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ይቀራል፣ ጫፉ ከታች ብቅ ብሎ የሰው ራስ አይቧጭርም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ማስገባት አለብን። አንደኛው ስለ እሳት ነው። በትልልቅ ቤቶች የኮንክሪት ጣራ ላይ ባለሙያዎች ይህን ንጣፍ በጋዝ ነበልባል እያቀለጡ ሲለጥፉት አይታችሁ ይሆናል። በእንጨት ማኽሳን ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ጣራ ሳይሆን ደመራ እየሠራ ነው። በሳንቃው ስንጥቅ ውስጥ ደረቅ ቅጠልና የሸረሪት ድር አለ፤ ሳይታይ ውስጥ ለውስጥ ይጨስና ሰው ከሄደ በኋላ ይነዳል። ለእንጨት ምስማርና ሳይሞቅ የሚቀባ ማጣበቂያ ይበቃል። አሮጌውንም ንጣፍ ማቃጠል ክልክል ነው፤ ጭሱ መርዝ ነው። ሁለተኛው ስለ አዝቤስት ነው። በድሮ ሰፈሮች ያሉ አንዳንድ ማኽሳኖች ጣራቸው ግራጫ፣ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ የአዝቤስት ሲሚንቶ ነው። ያንን መስበር፣ መብሳት፣ መጥረግም አይገባም፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። በ2011 በወጣው ሕግ መሠረት የማንሣቱ ሥራ ፈቃድ ላላቸው ባለሙያዎች የተተወ ነው። እንዲህ ያለ ጣራ ያለው ሰው እጁን ሰብስቦ ለከተማው አስተዳደር ይደውል።

ሥራውን የጀመርነው በአስተስርዮና በበዓለ መጸለት መካከል ባለው ቀን፣ ማለዳ ነው። ሬንጅ በጣም ሲሞቅ ይለሰልስና የእግር አሻራ ይቀርበታል፤ በብርድ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሻራቭ ቀንም፣ የብርድ ቀንም አይሆንም። ጥቅሉን አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ዘርግተን ተውነው፤ የተጠቀለለ ነገር ልክ እንደ እንቅልፋም ሰው ቀስ እያለ ነው የሚዘረጋው።

አሮጌውን መንቀል ከአዲሱ ማንጠፍ ይልቅ ጊዜ ወሰደ። ልጁ እየገነጠለ ይወረውራል፤ አባታችን ከታች ሆነው ምስማር እንዳይቀር ያያሉ፣ ምክንያቱም አንድ የቀረ ምስማር አዲሱን ንጣፍ ከሥሩ ይበሳዋል። ሁለት ሳንቃዎች በስብሰው ነበር። ልጁ የትኛው እንደ በሰበሰ በዓይን ሊለየው አልቻለም። አባታችን፣ «አንኳኳው» አሉት። አንኳኳ። «እንደገና፣ ከዚያ ወዲያ።» ደረቁ እንጨት ይጮኻል፣ የበሰበሰው ያፍናል። ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ የታየውን እዚህ ልንጽፈው አንችልም፤ ግን ከዚያ በኋላ ሳይታዘዝ ጣራውን በሙሉ እያንኳኳ ዞረው።

ከጥቅሉ ጋር አንድ የመመሪያ ወረቀት አለ፤ ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛና ሩሲያኛ፤ አማርኛ የለበትም። ልጁ ንጣፉን ከማንሣቱ በፊት አባታችን በከዘራቸው የጣራውን ከንፈር እያሳዩ፣ «ከታች ጀምር፤ የላይኛው የታችኛውን ይልበሰው» አሉት። ልጁ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና አነበበ፤ ዝም አለ፤ እንደገና አነበበ። «አባባ፣ እዚህም እንደዚህ ነው የተጻፈው» አለ። አባታችን አልተገረሙም። «ውሃው ያው ውሃ ነዋ!» አሉ።

ወረቀቱ መደራረቢያው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን ይላል፤ አባታችን አንድ ስንዝር አሉ፤ በእርሳቸው ስንዝር ከደንነው። ወረቀቱ በመደራረቢያው ላይ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ምስማር ይመታ ይላል፤ አባታችን ሦስት ጣት አሉ። ልጁ ሦስት ጣታቸውን በሜትር ለካው፤ አምስት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሜትሩን አላነሣውም፤ የራሱን ጣቶች ለክቶ በእነርሱ ሠራ።

በመካከሉ አንድ ጎረቤታችን፣ ከዩክሬን የመጡ አዛውንት፣ የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ንጣፉን ሲያዩ፣ «ሩበሮይድ!» ብለው ጮኹ። ለካ በሩሲያኛ ስሙ ይህ ኖሯል፤ በአገራቸው የዳቻቸውን ዕቃ ቤት በየጥቂት ዓመቱ በዚሁ ሲከድኑ ኖረዋል። አባታችን ደግሞ ከማለዳው ጀምሮ «ጥቁሩ ቁርበት» ብለው ሰይመውታል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለብዙ ዓመታት በአጥር ተለያይተው «ሻሎም» ብቻ ሲባባሉ የኖሩ ናቸው። ያን ዕለት አንዱ በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣ ሌላው ከዚያ ይልቅ በተሰባበረ ዕብራይስጥ ስለ ጫፉ አስተጣጠፍ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ሁለቱም እጃቸውን እንደ ኮርቻ አጥፈው እያሳዩ ነበር። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነበር።

ልጁም ከላይ ሆኖ ቃል ይጠይቃል። ይህስ? ወራጅ። ይህኛውስ? በእርግጥ ማገር ይባል ነበር፤ እዚህ ያለው ግን ሳንቃ ነው። የያዝከውስ? «ማስሜር» አለ ልጁ በዕብራይስጥ። «ምስማር» አሉ አባታችን። ልጁ ምስማሩን አፉ ውስጥ እንደ ያዘ ሳቀ። «አንድ ነው!» አለ። «መውጫህስ?» አሉት። «ሱላም።» «መሰላል» አሉት እርሳቸው። ይህም ለጆሮ ይቀራረባል። ከዚያ ውሃ ላይ ደረሱ፤ ውሃ ማይም፤ አይመሳሰልም አለ ልጁ። አባታችን ግን ጥቂት አስበው፣ «ቄሶቻችን በግዕዝ ሲጸልዩ ማይ ነው የሚሉት» አሉት። ልጁ በትምህርት ቤት ስለ ግዕዝ አንድ ነገር ሰምቶ ይሆናል፤ ከአያቱ አፍ ግን ሲሰማው የመጀመሪያው ነው። በቤታችን ጠረጴዛ ዙሪያ አማርኛ አስተምሩት እየተባለ ስንት ጊዜ ተቀምጠናል፤ ከሦስተኛው ቃል በኋላ ሁልጊዜ ስልኩን ያነሣል። ጣራ ላይ ሆኖ በሁለት እጁ መዶሻና ንጣፍ ስለያዘ ስልክ የሚያነሣበት እጅ አልነበረውም ብንል ቀልድ አይሆንም።

ከቀትር በኋላ ኮርቻው ተጫነ። ፀሐዩ አለስልሶት ስለነበር ሳይሰነጠቅ ታጠፈ። ጫፎቹ ወደ ታች ታጥፈው በቀጭን እንጨት ተያዙ፣ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ እንዳያነሣው።

ዮሬን መጠበቅ አላስፈለገም። አባታችን የውሃ ጎማ አስመጡ። ሲፈትኑም ከታች ነው የጀመሩት፤ ውሃውን መጀመሪያ በከንፈሩ ላይ፣ ከዚያ በመደራረቢያው ላይ፣ በመጨረሻ በጫፉ ላይ አፈሰሱ። ከላይ ቢጀመር ሁሉም ይረጥብና ቀዳዳው የት እንዳለ አይታወቅም። እኛ ውስጥ ገብተን በሩን ዘግተን ቆምን። ጨለማ ነበር፤ አንድም ኮከብ አልታየንም። ውሃው ከላያችን ሲንኳኳ እንሰማለን፤ እጃችንን ዘርግተን ጠበቅን፤ አንድም ጠብታ አልወረደም። ከውጭ አባታችን፣ «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ከማንም ቀድሞ፣ በአማርኛ፣ ቃል በቃል ነገራቸው። ግራው ደርቋል፣ ቀኙ ደርቋል፣ ጥጉም ደርቋል፣ ማይ የለም አላቸው።

በማግስቱ ጆንያውንና ሳጥኖቹን መለስን፤ የካሴቶቿን ሳጥን ግን አባታችን በክፍላቸው አስቀሩ። ወንበራቸውም ወደ መስኮቱ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ሱካ ስንሠራ ልጁ ቅርንጫፉን በጣም አጥብቆ ሲደራርብ አይተው፣ «ቀስ በል! ይህኛው ጣራ ኮከብ ማሳየት አለበት» ብለው ሳቁበት።

የዩክሬኑ ጎረቤታችን ዓርብ ጠዋት በበሩ መጡ። ልጁን ሳይሆን አባታችንን ነበር የፈለጉት። በእጃቸው ምልክት ከአጥሩ ማዶ ያለውን የራሳቸውን ማኽሳን እያሳዩ ብዙ ተናገሩ። አባታችን ከዘራቸውን አነሡ፤ ልጁም መሰላሉን ተሸክሞ ከኋላቸው ሄደ።